ሲስተሙ የገባበት ዓመት

ጠጂቱ ገላና በምርጥ ዘር ድርጅቱ ባገለገለችባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት ውስጥ ምሳዋን ብቻዋን የበላችበት ቀን አልነበረም። ድርጅቱ ከአሰላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው ያለው። ከኢተያ፣ ከሲሬና ከበቆጂ ዙሪያ ገበሬዎች ለዘር የሚሆን ስንዴና ገብስ ይረከባል፤ ያበጥራል፣ እርጥበቱንና የመብቀል አቅሙን ይመረምራል፣ ከዚያ በየከረጢቱ ላይ መለያ አስሮ ለሌላ ገበሬ ይልካል። ጠጂቱ የመጋዘኑ መዝጋቢ ነበረች። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከማበጠሪያው ማሽን ጀርባ ባሉት አግዳሚዎች ላይ የመጋዘኑ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ሁሉም ምሳ ዕቃውን ከፍቶ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ ሽሮው የማን፣ ምስሩ የማን እንደሆነ የሚለይ የለም።

ጠጂቱ ከጴንጤ ቤት ነው ያደገችው፤ ጾም የለባትም። ሆኖም ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ወቅቱን ሙሉ፣ የጾም ምሳ ይዛ ነው የምትመጣው። ቅቤ የነካው ነገር ብታመጣ ከትሪው መነጠሏ ነው። ለምን እንደምታደርገው ማንም ጠይቋት አያውቅም፣ እሷም ተናግራ አታውቅም። አላገባችም። እናትና አባቷ ካለፉ ወዲህ በእነሱ ቤት ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ወንድሞቿ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ሻሸመኔ ናቸው። በቀን ውስጥ ከሰው ጋር አብራ የምትቆርሰው ያችን ምሳ ብቻ ነበር።

ከትሪው ራስጌ የሚቀመጡት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ኃይለመስቀል ናቸው። ሁሉም ጋሽ ኃይሌ ይላቸዋል። አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሹራባቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው። ከጭነቱ እፍኝ ስንዴ ያነሡና አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበር አድርገው፣ «ይሄ ገና ነው፣ ይሰጣ» ይላሉ። በማሽን ሲለካ እንዳሉት ይሆናል። መዝገባቸው ባለ ጥቁር ጠርዝ ነው። በመስመሩ ላይ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ በገጹ ዳር ደግሞ በቀጫጭን ፊደል የሚያውቁትን ሁሉ ያሰፍራሉ፦ «ሲሬ ላይ ዝናብ መትቶታል»፣ «የጎረቤቱ ማሳ ዋግ ነበረበት»፣ «ሰውየው ጥሩ ነው፣ ቃሉ ይታመናል»። ጠጂቱ ገና በሃያ ሰባት ዓመቷ ስትቀጠር እስክሪብቶ አያያዝ ሳይቀር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ሌላም ነገር አድርገውላታል። ከአራት ዓመት በፊት፣ በአንድ ክረምት፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ አፍስሶ የመዝገቡን ሁለት ገጽ አጠፋው። ጠጂቱ የጠፋውን በትዝታዋ መልሳ ጻፈች፤ ስትጽፍም ሁለት ዓይነት ዘር አቀያየረች። ከሲሬ የመጣ ሙንተሲር የሚባል ገበሬ ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ ይቋቋማል የተባለውን ዘር ወሰደ፣ የዘራው ግን ሌላውን ነበር። በጥቅምት ወር ተመልሶ መጣ። ቢጫ ዱቄት የመሰለ ዋግ የለበሰ አንድ እስር ስንዴ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«እህቴ፣» አላት፣ «እኔ የወሰድኩት ዘር ይሄ ነው?»

አፏን ሳትከፍት አቶ ኃይለመስቀል ከወንበራቸው ተነሡ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ በሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎታቸው የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅደራቸው ውስጥ ገባ። ሁለቱ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሡም። ጠጂቱ ግን የሙንተሲርን እጅ አልረሳችውም፤ ስንዴውን ሲያስቀምጥ ዋጉ ጣቶቹ ላይ ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አቶ ይስሃቅ ቢሮው አስጠርቶ፣ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ ዘሩ ከማሳው እስከ ከረጢቱ በሲስተም ነው የሚመዘገበው። ሠራተኛውን የሚያግባባ ከውስጥ የሆነ ሰው እንፈልጋለን፣ አንቺን መርጠናል» ሲላት ደስ አላት። ዝናብ የማያጠፋው መዝገብ ነው ያሰበችው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ሰው ይቀነሳል?»

«በሲስተሙ የተነሳ አንድም ሰው አይቀነስም። ይህን ልትነግሪያቸው ትችያለሽ።»

ነገረቻቸው። በአዳራሹ ፊት ቆማ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ «ከእናንተ አንድም ሰው አይቀነስም፣ ቃሌ ነው» አለች።

ሲስተሙን የሠራው ድርጅት ባርኮት የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ላከ። ትሑትና ፈጣን ሰው ነበር፤ አምስት ቀን አሠለጠነ። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች እያሳየ በየመሐሉ «ግልጽ ነው?» ይላል፣ አዳራሹም በአንድ ድምፅ «ግልጽ ነው» ይላል። ጠጂቱ ያ አዳራሽ «ግልጽ ነው» ሲል «ቶሎ ጨርስ» ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ዝም አለች። በመጨረሻው ቀን ባርኮት፣ «ችግር ሲገጥማችሁ ቲኬት ክፈቱ» ብሎ ተሰናበተ። የእርጥበት መለኪያዋን የምትይዘው አሰፋች ወደ ጠጂቱ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «የምን ቲኬት? አውቶቡስ ልንሳፈር ነው?» አለቻት። ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አሰፋች የጠጂቱ እናት የሞተች ጊዜ አንድ ሳምንት ከጎኗ ያደረች ጓደኛዋ ነበረች። ያን ዓመት አብረው የሳቁት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

ታኅሣሥ ገባ፣ የጭነት መኪኖቹም ስንዴ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ለየመዘኛውና ለየበሩ የተሰጡት ታብሌቶች «አቧራ እንዳይነካቸው» ተብሎ ከነካርቶናቸው ተቀመጡ። ጠጂቱ ስትጠይቅ መልሱ አያልቅም። አንዱ ጋ ኔትወርክ የለም፣ ሌላው ጋ ቻርጅ አልቋል፣ ሦስተኛው ጋ ሲስተሙ እምቢ ብሏል። አቶ ኃይለመስቀል አንድም ቀን አልተከራከሯትም። «እሺ» ይላሉ፣ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ጥቁሩን መዝገብ ይገልጣሉ።

የእሷም ወንበር ተቀየረ። ኮምፒዩተሩ አስተዳደር ሕንፃው ፎቅ ላይ ስለተቀመጠ እሷም ወደዚያ ወጣች። መስኮቷ ግቢውን ቁልቁል ያያል። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወረደች፤ ትሪው ታጥቦ ተደፍቷል። «ዛሬ ቶሎ ራበን» አሏት። በማግስቱ አምስት ተኩል ላይ ወረደች። እየበሉ ነበር። አግዳሚው ላይ ቦታ አለ፤ ግን የተጠጋላት የለም። አሰፋች ቀና ብላ አየቻትና፣

«እርስዎ እዚህ አቧራ ላይ ይቀመጣሉ?» አለች።

ጠጂቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ቆማ ትንሽ ጠበቀች፣ «አይ፣ ዕቃ ረስቼ ነው» ብላ ተመለሰች። ምሳዋን መስኮቱ አጠገብ በላች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሰፋች በመንገድ ላይ ስታገኛትም ጎንበስ ብላ «እንዴት አደሩ» ነው የምትላት። ሌሎቹም ተከተሏት። በክብር ራቋት። ስድብ ቢሆን ትመልስ ነበር፤ እርስዎ ለሚል ሰው ግን ምን ይመለሳል? ቅዳሜና እሑድ ቤቷ ሆና ራሷን ጮክ ብላ አንቺ እያለች እያናገረች መሆኗን አስተዋለችና ደነገጠች።

በጥር ወር አቶ ይስሃቅ አንድ ሐሳብ አመጣ። በየሳምንቱ ሲስተሙን የተጠቀመውን በአረንጓዴ፣ ያልተጠቀመውን በቀይ ቀለም ስም ዝርዝር አዘጋጅታ መጋዘኑ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ እንድትለጥፍ አዘዛት። ጠጂቱ ሐሳቡን አልወደደችውም፤ ደግሞም እምቢ አላለችም። ከዋናው መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ ሪፖርት ይጠየቃል፣ የእሷ ሪፖርት ሁልጊዜ ባዶ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰው ሳይገባ በፊት ወረቀቱን ለጠፈች። ከላይ በቀይ የተጻፈው ስም ኃይለመስቀል የሚል ነበር። ቀን ላይ በመስኮቷ ስታይ አቶ ኃይለመስቀል ወረቀቱ ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ አነበቡት። አልቀደዱትም። ኮሌታቸውን ከፍ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝርዝሩ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ከየመዘኛው፣ ከየበሩ ቁጥር ጎረፈ። አቶ ይስሃቅ በስብሰባ ላይ በስሟ አመሰገናት። እሷም ደስ አላት፤ የራቋት ሰዎች ሥራውን ከለመዱት እሷንም መልሰው ይለምዷታል ብላ አሰበች።

የካቲት አጋማሽ ላይ ሪፖርት ስታዘጋጅ የእርጥበቱን ዓምድ ከላይ ወደ ታች አየችው። አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት። አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት። ወደ ቆላው ቀረብ ካለው ሲሬ የመጣውም፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ከሚወርድበት በቆጂ የመጣውም። አርባ አንድ ሎት፣ ማለትም አርባ አንድ የተለያየ ጭነት፣ አንድ ቁጥር።

ወረቀቱን እንደያዘች ወደ መጋዘኑ ወረደች። ማንንም አላናገረችም። በሩ በስተግራ ከሁለት ሳምንት በፊት ከበቆጂ የመጣው ስንዴ እስከ ጣሪያው ድረስ ተቆልሏል። በየከረጢቱ ላይ ከሲስተሙ የታተመው መለያ «ደርቋል» ይላል። ከመካከለኛው ረድፍ የአንዱን ከረጢት አፍ ፈትታ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች። ሞቆ ነበር። እጇን ስታወጣ የሻጋታ ጠረን አብሯት ወጣ።

አቶ ኃይለመስቀል ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ፤ ጥቁሩ መዝገብ ፊታቸው ተከፍቷል።

«ጋሼ፣» አለች፣ «የበቆጂው ቁልል ሞቋል።»

«የቱ?»

«በበሩ በስተግራ ያለው። እጄን ከትቼ አየሁት።»

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። አሥራ ስድስት ነጥብ ሁለት ይላል። በገጹ ዳር፣ «ለብቻው ይሰጣ፣ እንዳይቆለል» ተብሎ ተጽፏል።

«እኔ ጽፌያለሁ» አሉ።

«ጫኞቹ አሁን መዝገብዎን አያዩም ጋሼ። መለያውን ነው የሚያዩት። መለያው ከሲስተሙ ነው የሚወጣው።»

አቶ ኃይለመስቀል ተነሥተው ወደ ቁልሉ ሄዱ፣ እሳቸውም እጃቸውን ከተቱ፣ ፍሬም አንሥተው ሰበሩ። ከዚያ መሬት ላይ ካለ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ያን ዕለት ነው ጠጂቱ ያረጁ መሆናቸውን ያየችው።

«አሰፋችን ‹አንድ ቁጥር እየሞላሽ ገላግያቸው› ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «እውነቱ እኔ መዝገብ ላይ አለ ብዬ። ስሜን ግድግዳ ላይ የለጠፍሽው ቀን ነው ያልኳት።»

«መለጠፍ አልነበረብኝም።»

«አልነበረብሽም። ይሄ ግን ከዚያ ይብሳል። ይሄ ዘር ቢወጣ ኖሮ አይበቅልም።» ከተቀመጡበት ሳይነሡም፣ «ለሥራ አስኪያጁ ትነግሪያለሽ?» አሏት።

«እርስዎ የሙንተሲርን ነገር ለማን ነገሩ?»

ቀና ብለው አዩዋት። በአራት ዓመት ውስጥ ስሙ ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር።

«ቅዳሜ ይምጡ» አለች ጠጂቱ። «እርስዎ ያንብቡልኝ፣ እኔ ላስገባው። እውነተኛውን።»

የሞቀው ቁልል በዚያኑ ዕለት ከዘር ተለይቶ ወጣ። ጠጂቱ ለአቶ ይስሃቅ «ቁጥሮቹ ላይ ስህተት አግኝቻለሁ፣ እያረምኩ ነው፣ እስክጨርስ አንድም ከረጢት ከግቢ አይውጣ» ብላ ጻፈች፤ የማን ስህተት እንደሆነ አልጻፈችም። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። አራት ቅዳሜ፣ ባዶ ግቢ ውስጥ፣ ፎቁ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሳቸው ዝግ ባለ ድምፃቸው ያነባሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ጠዋት በጭላሎ ተራራ በኩል ያለው ደመና እስኪገፈፍ ሹራብና ነጠላ ደርባ ነው የምትሠራው። አቶ ኃይለመስቀል የቀኑን ንባብ ሳይጨርሱ ምንም አይቀምሱም፤ እሷም ምሳ ዕቃዋን እስከዚያ አትከፍትም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ገጽ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ዳር ዳሩን የጻፍኩትን የት አስገባሽው?» አሏት።

«ቦታ የለውም ጋሼ። ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«እንግዲያ ምኑን ጻፍሽው?»

ይህን ቃል በቃል ለባርኮት ጻፈችለት። ደውላም ወተወተችው። «ቲኬት ክፈቺ» አላት፤ ጥያቄዋን በሲስተሙ በኩል አስመዝግባ ከፈተች። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ አቶ ኃይለመስቀል ከንባባቸው ሳያቋርጡ፣ «አሰፋች እኮ የቅርቡ አይታያትም» አሉ። «የመለኪያዋን ቁጥር በልምድ ነው የምታነበው፣ ትልቅ ነው። ያንቺ መስታወት ላይ ያለው ግን ለእሷ ጉንዳን ነው። እንግሊዝኛም ነው። ማን ፊት ትናገረው?» ጠጂቱ እጇን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሣች። አሥራ ሰባት ዓመት አብራት በልታለች፤ በዚህ በአምስት ወር ውስጥ «ለምን አልተጠቀምሽም?» ብላ ስንት ጊዜ ጠይቃታለች፤ «ይታይሻል ወይ?» ብላ ግን አልጠየቀቻትም።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ መጥራት ተወች። በየመዘኛው፣ በየበሩ እየሄደች ከጎናቸው ቆማ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦ «ምኑ ነው የሚያስቸግርሽ?» መጀመሪያ «ምንም» ይሏታል። አትሄድም። ሦስተኛ ቀን ላይ የሆነ ነገር ይነግሯታል። አንዱ ጣቱ በሥራ ብዛት ስለደደረ መስታወቱ አይሰማውም። አንዷ በኦሮምኛ ቢሆን ታነባለች። አንዱ ተሳስቼ ብነካ ሁሉም ይጠፋል ብሎ ይፈራል። ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር ራሷ ላጠችው። የነገሯትንም ሁሉ ለባርኮት ጽፋ ላከች፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ደወለ። ፊደሉ ጎላ፣ ቋንቋው አማርኛና ኦሮምኛ ሆነ፣ ከየሎቱ ሥር ደግሞ «ማስታወሻ» የሚል ሰፊ ሣጥን ተጨመረ።

ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ከኢተያ ዘግይቶ የመጣ አንድ መኪና በር ላይ ቆመ። አቶ ኃይለመስቀል ታብሌቱን ከካርቶኑ አውጥተው፣ ጫኞቹ ሁሉ እያዩ፣ በአንድ ጣታቸው ቀስ እያሉ ሞሉ። ማስታወሻው ላይ፣ «ሰውየው ጥሩ ነው፣ ቃሉ ይታመናል» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሲስተሙን እምቢ ያለ ሰው የለም። በሰኔ ዘሩ በየቀበሌው ሲሠራጭ እያንዳንዱ ከረጢት ከየት ማሳ እንደመጣ ይታወቅ ነበር። አሰፋችም አንድ ቀን በግቢው ስታልፍ፣ «ጠጂ፣ አልበላሽም እንዴ?» አለቻት። ጠጂቱ ለሦስት ሳምንት ያህል መልሳ ከትሪው ላይ በላች።

በሐምሌ መጀመሪያ ከዋናው መሥሪያ ቤት «አዲስ መዋቅር» የሚል ደብዳቤ መጣ። በአዲሱ መዋቅር የንብረት ክፍል ኃላፊ የሚባል መደብ የለም፤ አቶ ኃይለመስቀል ጡረታቸውን ቀድመው እንዲወጡ ተወስኗል። እርጥበት መለኪያው ከሲስተሙ ጋር ስለሚገናኝ አሰፋች ኢተያ ወዳለው መረከቢያ ጣቢያ ተዛውራለች። ጠጂቱ ገላና የሲስተም አስተባባሪ ሆናለች።

አቶ ይስሃቅ ቢሮ ገብታ አልተቀመጠችም።

«አንድም ሰው አይቀነስም ብለውኝ ነበር።»

«በሲስተሙ የተነሳ ነው ያልኩሽ። ይሄ መዋቅር ነው።»

«ለእነሱ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ይስሃቅ ክፉ ሰው አልነበረም። እስክሪብቶውን አዟዙሮ፣ «ከላይ ነው የመጣው ጠጂቱ። እኔም እንደ አንቺ ነው የሰማሁት» አላት። ደብዳቤዎቹን ለማደል የሰው ኃይል ክፍሉን ሊጠራ ስልኩን ሲያነሣ፣ «እኔ እሰጣቸዋለሁ» አለችው።

አሰፋች ደብዳቤውን ክንዷን ዘርግታ፣ ራቅ አድርጋ አነበበችው።

«ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ማወቅ ነበረብሽ» አለች። ደብዳቤውን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አቶ ኃይለመስቀል ደብዳቤያቸውን አንብበው የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ርክክቡ የሚታተመው ከሲስተሙ ስለነበር ጠጂቱ ፎቅ ወጥታ አሥራ አራት ገጽ አትማ ይዛ ወረደች። በየገጹ ጎንበስ እያሉ እያነበቡ ፈረሙ። አንድ ቦታ ላይ የፊደል ስህተት አግኝተው አሳረሟት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ካፊያ እየጣለ በእግራቸው ወደ ከተማ ሲሄዱ በመስኮቷ አየቻቸው።

ጠጂቱ መልቀቂያ ጻፈች፣ ሁለት ሳምንት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ዞረች፣ አላስገባችውም። የምትሄድበት አልነበራትም። ከዚህም ሌላ፣ እሷ ብትወጣ ስንዴው የሚሞቀውንና የማይሞቀውን ማን እንደሚያይ አታውቅም። ከማሽኑ ጀርባ ያሉት አግዳሚዎች አሁንም አሉ። ማንም አላባረራትም፣ ማንም እርስዎ አይላትም። ግን የሚያሰባስብ ሰው ጠፍቶ ሁሉም በየጥጉ መብላት ጀምሯል። ትሪው ከመደርደሪያው ላይ ሳይወርድ ክረምቱ አለፈ።

መስከረም ላይ አቶ ኃይለመስቀልን ልትጠይቅ ሄደች። ግቢያቸው ውስጥ አጥር ሲጠግኑ አገኘቻቸው። ባለቤታቸው የተጠበሰ እሸት በቆሎ አቀረቡላቸውና ሁለቱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮው ማሳ ተጫወቱ። ገበሬዎቹ አሁንም እንደሚደውሉላቸው ነገሯት። «የቱን ዘር እንውሰድ ይሉኛል። ጠጂቱን ጠይቁ እላቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ተቀይመውኛል?»

ከበቆሎው ጥቂት ፍሬ ፈልፍለው መዳፋቸው ላይ አዩት።

«አንቺ ላይ ቂም የለኝም። ግን ቁልፉን ከሰጠሁ ወዲህ ጠዋት ተነሥቼ ልብሴን ከለበስኩ በኋላ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።»

ጠጂቱ ተነሥታ አጥሩን አብራቸው ጠገነች። ሲመሽባት እስከ መንገዱ ሸኟት፤ ባጃጅ አስቁመው አሳፈሯት።

በኅዳር ድርጅቱ በቆጂ ያለውን መጋዘንም ሲስተም ሊያስገባ ተነሣ፣ ጠጂቱም ተላከች። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ አሥራ አራት ሠራተኞች ጋቢና ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል። አቶ ይስሃቅ ምን እንደምትላቸው አስቀድሞ ነግሯታል። ገና ኮምፒዩተሩን ሳትከፍት ከረጢት የሚሰፉ አንዲት ጠና ያሉ ሴት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲገባ እኛ ነን የምንወጣው?»

ጠጂቱ ሴትዮዋን አየቻቸው። «አላውቅም እናቴ» አለች። «አሰላ ላይ ማንም አይቀነስም ብዬ ነበር፣ ሁለት ሰው ሄደ። የሄዱት ጥሩ ሠራተኞች ነበሩ። ለእናንተም አይቀነስም ልላችሁ አልችልም። ከሰማሁ ግን በዚያው ቀን መጥቼ እነግራችኋለሁ።»

ከኋላ የተቀመጡ ሦስት ወንዶች ተነሥተው ወጡ፣ ጥቂት ቆይቶ ሌሎችም ተከተሏቸው። ከሻይ በኋላ የተመለሱት አምስት ናቸው። ከረጢት ሰፊዋ ከአምስቱ አንዷ ነበሩ፤ ወንበራቸውን ወደ ፊት ስበው ተቀመጡ። ጠጂቱም ከአምስቱ ጋር ጀመረች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «ማን ነው የቅርቡ የማይታየው?» የሚል ነበር። ሁለት እጅ ወጣ።

በቆጂ ያለው ሥራ በሁለት ወር ያልቃል ተብሎ ነበር፤ አራተኛውን ወር ያዘ። አቶ ይስሃቅ በስልክ ምክንያቱን ሲጠይቃት፣ «ሰዎቹ ገና እየጠየቁኝ ነው» አለችው። በሳምንቱ ቀናት እዚያው አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ኮምፒዩተሯ፣ ሁለት ብርድ ልብስ። ጎሕ ሲቀድ ለልምምድ የሚወጡት የበቆጂ ሯጮች በመስኮቷ ሥር ያልፋሉ፤ ሃያ ሠላሳ ሆነው፣ እግራቸው አንድ ላይ እየመታ፣ ትንፋሻቸው በብርዱ ውስጥ እየጨሰ። ጠጂቱ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትነሣና ኮቴያቸው ወደ ጫካው ዳገት ርቆ እስኪጠፋ ቆማ ታዳምጣለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ መጋዘኑ ትሄዳለች።